በረዶ የገባበት ዘፈን

ዘፈኑን መጀመሪያ የሰማሁት ሶዶ በገባሁ ሳምንት ነው። በሆስፒታል ፋርማሲ ተመድቤ ከደሴ መምጣቴ ነበር። ሻንጣዬን እንኳ በቅጡ ሳልፈታ፣ ከመናኸሪያው ወደ ሆስፒታሉ በሚወጣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ፣ ደመና የለበሰውን የዳሞታን ተራራ በስስት አያለሁ፤ ተራራ ሳይ ቤቴ ያለሁ ይመስለኛልና። ባጃጁ ዳገቱን እያቃሰተ ሲጀምር ሾፌሩ ቴፑን ከፍ አደረገው።

ቀድሞ ጊታር መጣ። ለስላሳው ዓይነት አይደለም፤ የሚያጉረመርም፣ ሻካራ ጊታር። ቀጥሎ ድራም ተከተለ፤ ከዚያ ገና ጎርነን ማለት የጀመረ የልጅ እግር ድምፅ በወላይትኛ መዝፈን ጀመረ። አንድም ቃል አልገባኝም። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ግን የማውቀው ነገር ሰማሁ።

«ሃያ! ሃያ! ሃያ!»

እኔ ያኔ ሃያዎቹን ገና የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ። ከእናቴ ቤት ወጥቼ ብቻዬን ሳድር የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ብዙ አላሰብኩም። ስለ ሃያ ዓመት ዕድሜ ነው የሚዘፍነው፣ አልኩና ዘፈኑን እዚያው ለራሴ ወሰድኩት።

መሃል ላይ ደግሞ ጉድ መጣ። አንድ ሰው በቆርቆሮ ላይ ጠጠር በጆንያ የሚዘረግፍ የሚመስል ድምፅ ገባና ድራሙን ሊውጠው ደረሰ። ዘፋኙ ከሱ በላይ ሊጮህ ሲታገል ይሰማል። ሾፌሩ መሪውን በጣቶቹ እየጠበጠበ ሳቀ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«በረዶ ነው።»

«የእውነት በረዶ?»

«የእውነት ነዋ! ልጆቹ የኛው ልጆች ናቸው። ኮምፒውተር ቤት ጓዳ ውስጥ ሲቀዱ ወረደባቸው።»

ስንደርስ በብሉቱዝ እንዲልክልኝ ለመንኩት። ተራ የሚጠብቁ ተሳፋሪዎች ቆመው እያዩን፣ ስልክና ስልክ አጠጋግተን ላከልኝ።

ነገሩን በኋላ ቀስ በቀስ ሰማሁ። አራት ጓደኛሞች ናቸው፤ ጊታርና ድራሙን የለመዱት በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነው። አሳታሚ የላቸውም፣ ስቱዲዮ አያውቁም። ዘፈኑን የሠሩት በተዋሱት ጊታር፣ ከመካከላቸው አንዱ ኮምፒውተር በሚጠግንበት ቤት ጓዳ ሆነው ነበር። ግማሽ ላይ ሲደርሱ በረዶ ጣለ። ሳያቋርጡ ቀጠሉ። ልክ ሲጨርሱ መብራት ጠፋ፤ መብራቱ እስኪመጣ ደግሞ የጊታሩ ባለቤት ጊታሩን ወሰደ። በእጃቸው የቀረው ያቺ አንዷ ቅጂ ብቻ ሆነች። እሷ ናት ከስልክ ስልክ፣ ከባጃጅ ባጃጅ እየዘለለች ከተማውን የሞላችው።

የተከራየሁት ጡረታ በወጡ ሴት አስተማሪ ግቢ ውስጥ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ቲቸር» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። የጸሎት ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ሲዘመር እንጂ ሲዘፈን ተሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ ዘፈኑን የምሰማው በጆሮ ማዳመጫ ነበር። አንድ ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ ሽቦው ከስልኩ ተነቅሎ ያ ሻካራ ጊታር ግቢውን ሞላው። እጄ በሳሙና ተለውሷል፤ ስልኩን ልይዝ ስሞክር ያሟልጨኛል። ቲቸር በራቸው ላይ ብቅ አሉ።

«ይቅርታ ቲቸር! አሁን አጠፋዋለሁ!»

«ቆይ፣ ተዪው» አሉ። ቆመው ሰሙ። በረዶው ሲመጣ ጣታቸውን ወደ ስልኩ ቀሰሩ። «ይሄ! የኔን አቮካዶ የጨረሰው በረዶ ይሄ ነው!»

በዚያ ቀን፣ አሉኝ፣ ዛፉ ፍሬ ተሸክሞ ሊሰበር ደርሶ ነበር። በረዶው ሲጀምር የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው የወደቀውን ሊለቅሙ ወጡ። ባለቤታቸው ከበር ሆነው «አንቺ ሴትዮ፣ ግቢ!» ይላሉ፤ ቲቸር በሳፋው ጩኸት የተነሳ «ጨምሪ!» ያሏቸው መስሏቸው ይበልጥ ወደ ግቢው ጥግ ይገባሉ። ሲመለሱ የያዙት ሦስት አቮካዶ ነበር፤ ሁለቱም ጭንቅላታቸውን ይዘው ሲስቁ አመሹ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቲቸር ይህን በረዶ ከሚያልፍ ባጃጅ በሰሙ ቁጥር ብቻቸውን ይስቁ እንደነበር ነገሩኝ።

«ጩኸቱን አልወደውም፤» አሉ ወደ ቤት ሲገቡ። «በረዶዋን ግን አንዳንዴ አሰሚኝ።»

ከዚያ ወዲህ ልብ ማለት ጀመርኩ። ሶዶ ውስጥ ይህ ዘፈን ሲከፈት ሰው የሚያወራው ስለ ዘፈኑ አይደለም፤ ያን ከሰዓት በኋላ የት እንደነበረ ነው። አንዷ ነርስ የሠርግ ልብሷን ልትለካ ሄዳ በረዶው ስላገታት፣ አማቷ ከምትሆነው ሴት ጋር ልብስ ሰፊ ቤት ተዘግተው ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያወሩት ያኔ ነው። አንዱ ዘበኛ በግ እየነዳ ነበር፤ በጉም እሱም አንድ ፎቶ ቤት ገብተው ተጠለሉ፤ ፎቶም ተነሱ። እኔ ተራዬ ሲደርስ «እኔ ያኔ ደሴ ነበርኩ» እላለሁ፤ ጨዋታውም እኔ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሌላ ክልል ለሚዛወር ሐኪም በሆስፒታሉ ሻይ ክበብ ሽኝት ተደረገ። አንዱ ዘፈኑን ከፈተው። እኔ በዚያን ጊዜ ዋና አድናቂ ነኝ፤ ተነሳሁ። አዝማቹ ሲመጣ አሥር ጣቶቼን ዘርግቼ፣ ጨብጬ፣ ደግሜ ዘረጋሁ። «ሃያ!» ደግሞ ዘረጋሁ። «ሃያ!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቀና ስል፣ የራጅ ክፍሉ ባለሙያ፣ እስከዚያ ቀን ከሰላምታ በላይ ያላወራሁት የሶዶ ልጅ፣ እንባውን በመሐረብ ይጠርጋል።

«እህቴ፣ ምንድን ነው የምትቆጥሪው?»

«ሃያ ነዋ!»

«ሃያ ምን?»

«ሃያ ዓመት! ዕድሜ!»

እንደገና ሳቁ። እሱ ግን አዘነልኝ መሰለኝ፣ ወንበሩን አስጠጋ።

«ቁጥር አይደለም። ሃ ያ ነው። በወላይትኛ፣ ወደዚህ ና ማለት ነው።»

«ለሴትስ?»

«ለሴትም ሃ ያ ነው። እኛ ጋ ወንዱም ሴቱም አንድ ዓይነት ነው የሚጠራው።»

ወዲያው ጥግ ላይ ወዳለ ባዶ ጠረጴዛ እያመለከተኝ «በል ና፣ ሻይ ልጋብዝህ» አለ ምላሱ አዳልጦት፤ እኔን ነው። አሁን የመሳቅ ተራው የኔ ሆነ። እሱ በኔ ወላይትኛ፣ እኔ በሱ አማርኛ እየሳቅን ሻዩ ቀዘቀዘ።

በረዶው ሲወርድ የት እንደነበረ ያን ቀን ነገረኝ። ፀጉር ቤት ነበር። ግማሽ ጭንቅላቱ እንደተላጨ መብራት ጠፋ፤ ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ በመቀስ መሥራት አያውቅም። ማግስቱ እሑድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ኮፍያ አይደረግም፤ ስለዚህ በአንድ በኩል ግድግዳ ባለበት ጥግ ተቀምጦ፣ የተላጨውን ጎን ወደ ግድግዳው አዙሮ አምልኮውን ጨረሰ። «መዘምራኑ ሳይቀሩ አንገታቸውን እያጣመሙ ያዩኝ ነበር» አለ።

ቤቴ ስገባ ዘፈኑን ደግሜ ሰማሁት። ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፤ ያን ያህል ጊዜ የኔ ነው ያልኩት ነገር የሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ ያሳዝናል። ግን ከደሴ ድረስ መጥቼ በየባጃጁ «ወደዚህ ነይ፣ ወደዚህ ነይ» ስባል ከርሜ ሳላውቀው መቅረቴን ሳስብ ሳቄ መጣ። እስከ ዛሬም ቁጥሩንም ጥሪውንም፣ ሁለቱንም ነው የምሰማው።

ከራጁ ባለሙያ ጋር ተጋባን። ይህን ባጭሩ አልፈዋለሁ፤ እሱ ሲያወራው ይረዝማል።

ዘፈኑን የሠሩት ልጆችም አደጉና ተበታተኑ። ዘፋኙ ቤሌ ከተማ ሄዶ አስተማሪ ሆነ። ጊታር መቺው በዴሳ ከተማ ውስጥ እህል ይነግዳል። ድራም መቺው አረካ ከተማ፣ የእርሻ ምርምር ማዕከሉ ውስጥ ተቀጠረ። ኮምፒውተር ጠጋኙ ብቻ ሶዶ ቀረ። ከዓመታት በኋላ፣ አንድ ዝናብ የከበደበት ክረምት ሊወጣ ሲል፣ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ አራቱም ተሰብስበው በአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ሊጫወቱ ነው ተባለ። ከተማው ተነቅሎ ሄደ። እኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ባለቤቴ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሞ ይከተለኛል። ቲቸርም መጡ፤ ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው፣ የእሑድ ቀሚሳቸውን ለብሰው።

ሰዓቱ ደርሶ ሦስቱ ብቻ መድረክ ላይ ይቁለጨለጫሉ። ድራም መቺው የለም። ሕዝቡ በቀልድ «ሃ ያ! ሃ ያ!» እያለ ይጠራው ጀመር። በመጨረሻ በሞተር ሳይክል ከኋላ ተፈናጥጦ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ ደርሶ መጣ፤ ሰው እንደ ሙሽራ ተቀበለው።

ሌሎቹን ዘፈኖች በጨዋነት ሰማን። ከዚያ ያ ሻካራ ጊታር ጀመረ። ሰው ሁሉ ተነሳ፤ ቲቸር ብቻ ተቀምጠው ጃንጥላቸውን ያዙ። የመጀመሪያው አዝማች አለቀ፣ ሁለተኛው ተጀመረ፣ ልክ በረዶው የሚገባበት ቦታ ስንደርስ መብራት ጠፋ።

ጊታሩ ሞተ። ማይኩ ሞተ። ዘፋኙ አፉን ከፍቶ ቀረ። የሚሰማው የድራሙ ድምፅ ብቻ ነው፤ ድራም መቺው ግራ እየተጋባ ይመታል። ያን ጊዜ ከፊት በኩል አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፣ የወንበሩን መደገፊያ በጣቶቹ ይጠበጥብ ጀመር። አጠገቡ ያለው ተከተለው። ከዚያ ከወንበር ወንበር፣ ከረድፍ ረድፍ ሄደ፤ አጥሩ ላይ የተደገፉት ቆርቆሮውን ያዙት፤ ቲቸር በጃንጥላቸው እጀታ የወንበሩን እግር። ሜዳው ላይ በረዶ ወረደ! ጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ጠብታ የሌለበት፣ በሰው እጅ የሚወርድ በረዶ። ዘፋኙ ሳቀ፣ ከዚያ በባዶ ድምፁ ዘፈነ፤ እኛም ከሱ በላይ ጮህን። ጣቶቼ እስኪቃጠሉ ወንበሬን ጠበጠብኩት።

ባለቤቴ ጆሮዬ ሥር ጮኸ፦ «ከእንግዲህ የት ነበርሽ ሲሉሽ ምን ትያለሽ?»

«እዚህ ነበርኩ!» አልኩት። አለቀስኩም፣ ሳቅኩም።

መብራቱ የመጣው ሰው መበተን ሲጀምር ነው። ወደ መድረኩ ጠጋ ብዬ ዘፋኙን ለረጅም ጊዜ የከነከነኝን ጠየቅኩት። «ዘፈኑን የጻፍከው ማንን ብለህ ነው? ወደዚህ ነይ የምትላት ልጅ ማን ናት?»

ኬብል እየጠቀለለ ወደ ድራም መቺው ዞረ። «ልጅ? እሱን ነው እንጂ! ልምምድ ሲባል አንድ ቀን በሰዓቱ መጥቶ አያውቅም። ቆመን ስንጠብቀው ነው የመጣልኝ።»

«እኔ ባላረፍድ ዘፈን አይኖራችሁም ነበር» አለ ድራም መቺው፣ ቀና ሳይል፣ ጭቃውን በእንጨት ከጫማው እየፈነቀለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ተበረታተው አዲስ ዘፈን ሠሩ። በዚህኛው አዲስ አበባ ድረስ ሄደው፣ ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ስቱዲዮ ገብተው ነው የቀዱት። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ትንኝ እንኳ አልገባበትም። ከተማው በቴሌግራም ተቀባበለው፣ «በርቱ» አለ፣ ወደ አሮጌው ተመለሰ። እውነቱን ለመናገር እኔም ብዙ አልማረከኝም።

ሴት ልጃችን ግን ሌላ ናት። አሁን አፏን ፈትታ በሁለት ቋንቋ ትሟገተናለች። አሮጌውን ስንከፍትላት ጆሮዋን ይዛ «ይጮኻል» ትላለች። ያን ጥርት ያለውን አዲሱን ግን ጠዋት ገንፎዋን ከመቅመሷ በፊት ካልተከፈተላት አትበላም፤ ሲከፈትላት ደግሞ ለመደነስ ትነሳና ገንፎው ይቀዘቅዛል። ባለቤቴ ማንኪያ ይዞ ይከተላታል። እኔ ለሥራ እየተጣደፍኩ ጫማዬን ሳስር፣ ሳላስበው ያንኑ አዲስ ዘፈን አንጎራጉራለሁ፤ አሁን አሁን ደስ እያለኝ መጥቷል።