ከፍ ብሎ በግራ የሚመጣ ኳስ

የቴኒስ ኳሱን ጣሳ ስትከፍተው "እስስ" ያለው ድምፅ ነው ያስደነገጠኝ። ከድምፁ ቀጥሎ ያ ሽታ መጣ፤ ጎማና አዲስ ሱፍ የተቀላቀሉበት፣ ትንሽም ነዳጅ ነዳጅ የሚል። አንተ አይታወቅህም፤ በየሳምንቱ ጣሳ የሚከፍት ሰው ሽታው በምን ይታወቀዋል? እኛ ሱፉ ያለቀ፣ መላጣ ኳስ ስንመታ ኖረን አዲስ ኳስ በዓመት አንዴ ቢመጣ ተራ ገብተን ነበር የምናሸተው። ከጓደኛህ ጋር ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣችሁ "ቀጣዩ የዓለም አንደኛ ይሄ ልጅ ነው"፣ "ሂድ እባክህ፣ ያኛው ነው" ስትባባሉ ቆይተህ "አክስቴ፣ አንቺስ ማንን ትያለሽ?" አልከኝ። ይህ ጥያቄ ለእኔ አዲስ አይደለም።

ናዝሬት ውስጥ፣ ከአሰብ መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ ግሪክ ነጋዴ ጥሎት የሄደ ቪላ ነበር። በደርግ ጊዜ ሲወረስ ቤቱ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ፤ ጓሮው ያለው የሜዳ ቴኒስ መጫወቻ ደግሞ ለወጣት ማኅበሩ ተሰጠ። ሜዳው የተፈጨ ጡብ የለበሰ፣ ቀይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ያ ቀይ አዋራ ጥርሳችን ውስጥ ይገባል፤ ቤት ገብቼ ፊቴን ስታጠብ የሳፋው ውሃ በርበሬ የተበጠበጠበት ይመስላል። አሰልጣኛችን የግሪኩ ኳስ ለቃሚ የነበሩ የወለንጪቲ ሰው ናቸው። ግሪኩ ሲጫወት አይተው አይተው ነው የተማሩት። ጋሼ ነበር የምንላቸው። "ኮቱ! ኮቱ!" ብለው ሲጣሩ ኦሮምኛ የማይሰማውም ልጅ እየሮጠ ይመጣል።

ቅዳሜ ልምምድ ሲያልቅ ከግራሩ ሥር አስቀምጠው "ከናንተ መሀል የአገሩ አንደኛ ማን ይወጣል?" ብለው ይጠይቁናል። ሁሉም አንድ አፍ ሆኖ አንድ ረጅም ልጅ ይጠራ ነበር፤ ሲመታ መረቡ የሚንቀጠቀጥለት።

"እሱ አይወጣም" አልኩ አንድ ቀን።

"ለምን?"

"ጥሩ ከመታ በኋላ ኳሱን ትቶ እኛን ያያል።"

"አሮጊቷ ተናገረች!" ብለው ሳቁብኝ። አሮጊት የሚሉኝ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኝ አምስተኛ ክፍል ስለነበርኩ ነው። እኔና እናቴ ፊደል የቆጠርነው በአንድ የመሠረተ ትምህርት ክፍል፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው። ረጅሙ ልጅ ግን ክረምቱ ሳይወጣ ቴኒሱን ተወው። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ሁሉንም ጠይቀው ሲያበቁ ወደ እኔ መዞር ለመዱ፤ የእኔን ሳይሰሙ አይነሱም።

አንድ ቅዳሜ ግን ራሳቸው ተናገሩ። "እኔን ከጠየቃችሁኝ አንደኛ የምትወጣው ይቺ ናት" አሉ፣ በራኬቱ እጀታ እያመለከቱኝ። "እጇን ተዉት። እግሯን እዩ፤ ኳሱ ሳይነሳ ደርሳ ትጠብቀዋለች።" ቤት እስክደርስ እግሬን እያየሁ ሄድኩ።

በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ ወሬ መጣ። ከየከተማው አንዲት ልጅ ትመረጣለች፤ እዚያው እያደረች ትሠለጥናለች፣ ጎን ለጎንም ትማራለች ተባለ። ልጆቹ የሰሙት ሥልጠናውን ነው። እኔ የሰማሁት "ትማራለች" የሚለውን ነው። ቤተ መጻሕፍት ያለው ትምህርት ቤት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የእኛው ትምህርት ቤት ያሉትን ጥቂት መጻሕፍት ጨርሼ፣ ከሱቅ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እየፈታሁ የማነብበት ጊዜ ነበር።

ለቦታው የቀረነው ሁለት ነበርን፤ እኔና የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅ። እናቴ "የጴንጤ ልጅ ሊልኩ? ባትደክሚ ይሻልሻል" አለችኝ። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ፣ በየቤቱ መስኮት ዘግተን በሹክሹክታ የምንዘምርበት ዘመን ነው። ይህንኑ ለጋሼ ብነግራቸው፣ "በጨዋታ ነው የሚለየው። ነጥብ ሃይማኖት የለውም፣ ልጄ" አሉኝ። አመንኳቸው።

ጋሼ አንድ ልማድ ነበራቸው። ከትልቅ ግጥሚያ በፊት እያንዳንዱ ልጅ ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብሎ የሚፈራውን ኳስ ይነግራቸዋል። ልጆቹ ስሙን "ኑዛዜ" ብለውታል። እኔ ተራዬ ሲደርስ አልፈው ነበር።

"ጴንጤ ለሰው አትናዘዝም!" ይሉኛል።

"ኃጢአት የላትማ! አሮጊት ምን ኃጢአት አላት?" ይላል ሌላው።

ቀልድ ይሁን እንጂ ነገሩ እውነት ነበር። "የሆድሽን ለጌታ ንገሪ፤ ለሰው ጆሮ አትስጪ" ተብዬ ነው ያደግሁት። ድክመቴንም ማንም አያውቀውም፤ ሮጬ እየዞርኩ በቀኜ ስለምመታው ይሸፈንልኛል። የዚያን ሰሞን ግን ጋሼ ለብቻዬ ጠሩኝና "ደብቀሽ የያዝሽው ቁስል እንዴት ይታከማል? ንገሪኝና እናክመው" አሉኝ።

ነገርኳቸው። "ፀሐይ ፊቴ ሆና፣ ከፍ ብሎ በግራ ትከሻዬ የሚመጣ ኳስ ይጠፋብኛል።"

ራሴን ዳበስ አደረጉኝ። እጃቸው መረብ የሚጠግኑበት ሲባጎ ይሸት ነበር። "በቃ፣ እዚሁ ይቅር" አሉ። ከዚያ በኋላ ባለው ልምምድ ግን በግራዬ አንድ ኳስ እንኳ አላስመቱኝም። "አረፍ በይ፣ ጉልበትሽን ቆጥቢ" ይሉኛል። እኔም አሳቢነታቸው ነው ብዬ አረፍኩ።

ግጥሚያው ከሰዓት በኋላ ነበር። ሊቀመንበሩ ከግራሩ ጥላ ሥር ወንበር ተዘርግቶላቸዋል። ዕጣው ለልጃቸው ወጣና ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ቆመች። ያቺ ልጅ ሁልጊዜ የምትመታው ዝቅ አድርጋ፣ መረቡን እያስታከከች ነው። የዚያን ቀን የመጀመሪያዋ ኳስ ሽቅብ ወጣች። የቀጠለችውም ወጣች። ነጭ ብርሃን ውስጥ ገብታ ትጠፋና ከግራ ትከሻዬ ኋላ አዋራ አስነስታ ትወድቃለች። ሌላዋም እንደዚያው ስትመጣ ገባኝ። ዞሬ ጋሼን አየኋቸው። ጎንበስ ብለው ያልተፈታ የጫማ ክር ያስራሉ።

ቦታ ስንቀያየር ልጅቷ በላብ እንደራሰች ሳቀችልኝ። "አየሽ፣ ጋሼ ያስተማሩኝን? ሰሞኑን ከእሷ ሌላ ኳስ አላስመቱኝም እኮ!" ክፋት አልነበረባትም። ፀሐይዋ በጀርባዬ ስትሆን አገገምኩ፤ ተመልሼ ፊቴን ስሰጣት ግን የያዝኩት ሁሉ ይሄድብኛል። ተሸነፍኩ። ጋሼ እጄን ጨብጠው "አይዞሽ፣ ልጄ" አሉኝ። "ለምን?" ልላቸው ፈለግሁ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ዋጥኩት።

እሷ አዲስ አበባ ሄደች። ብዙም ሳትቆይ ቤቷ ናፍቋት ተመለሰች፤ አንደኛ እንደማትወጣ ጋሼም እኔም እናውቅ ነበር። እኔ ትምህርቴን የጨረስኩት በማታ ክፍል ነው፤ አንተ ተወልደህ ነበር መሰለኝ።

ጋሼ አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ ለብሔራዊ ውትድርና የደረሰ። "አቦምሳ፣ አክስቱ ጋ ነው" ይባል ነበር። ያን ጊዜ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ አቦምሳ አክስት ነበረው፤ ሁሉም ደግሞ ከየቤቱ ኮርኒስ በላይ ተኝቶ ነበር። ከግጥሚያው ጥቂት ቆይቶ አፈሳው መጣ። የጎረቤቶቻችንን ልጆች ከየኮርኒሱ አውርደው ካሚዮን ላይ ሲጭኗቸው፣ እናቶቻቸው በነጠላ ዳቦ ቋጥረው እየሮጡ ሲከተሉ አየሁ።

በማግስቱ የማኅበሩን ራኬት ልመልስ ወደ ሜዳው ሄድኩ። የጋሼ ልጅ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ በጎማ ቱቦ ሜዳውን ውሃ ያጠጣል። የርጥብ ጡብ ሽታ ግቢውን አውዶታል። የአብዮት ጥበቃው በሩ ላይ ቆሞ እያየው ሲጋራውን ያጨሳል። ያኔ ነው ጋሼ ለሊቀመንበሩ እኔን ሰጥተው ማንን እንዳስቀሩ የገባኝ።

ልጁ በርሜል ሥር የበቀለ ሣር መስሎ ነጥቷል። ብርሃኑ ከብዶት ዓይኑን እያጨናበሰ ሰላም አለኝ።

"ራኬቱን ለምን ትመልሺዋለሽ? አባዬ እኮ ቤት ውስጥ ወሬው አንቺ ነሽ። ትናንት ማታ እንኳ 'ከእነዚህ ሁሉ አንደኛ የምትወጣው እሷ ናት' ሲል ነበር።"

ተሳስተውብኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ግምታቸው ሳይዛነፍ፣ ምን እንደሚሰጡ ጥርት አድርገው እያወቁ ነው የሰጡኝ። ቆሜ ልጁን አየሁት። እሱም ከጎረቤቶቻችን ልጆች ጋር በተጫነ ብዬ ልመኝ ሞከርኩ። ልቤ እሺ አላለኝም።

"ጫማህ ራሰ" አልኩት።

ዝቅ ብሎ እግሩን አየ። "ይራስ!" አለና ቱቦውን ወደ ራሱ አዙሮ ውሃውን አናቱ ላይ ለቀቀው። ድምፁን አውጥቶ መሳቅ ካቆመ ስንት ጊዜ ሆኖት ይሆን፣ ሳቁ እንደ ሳል እየተቆራረጠ ነበር የሚወጣው። ራኬቱን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ፣ እየሳቀ ትቼው ወጣሁ።