የእትዬ ፈትለወርቅ ሌላዋ ዓይን

«አንድ ዓይን! ይሁዳ ነኝ እንዴ እኔ? ሌላዋስ የት ሄደች?»

አከራዬ እትዬ ፈትለወርቅ ናቸው። ሰዓሊው ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ብሩሹን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «የሰጡኝን ነው የሣልኩት» አሉ።

ጋሼ አሁን መቱ ውስጥ የሱቅ ታፔላ ይጽፋሉ እንጂ ዕድሜያቸውን ቤተ ክርስቲያን ሲሥሉ ነው የኖሩት። እዚያ ደግሞ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ በጎን የሚሣለው ሰይጣንና ይሁዳ ነው። ትምህርት ያቋረጥኩት እኔ እንኳ ይህን አውቃለሁ።

ግን ምን ያድርጉ? «ወደዚህ ይዩ» ሲሏቸው እትዬ ይዞራሉ፤ ከዚያ ፊታቸው ወደ መስኮቱ ይመለሳል። መስኮቱ የቡሬን መንገድ ያሳያል። አምና የሞቱት ባላቸው ጋሽ ቀነዓ በዚያ መንገድ ሚኒባስ ይነዱ ነበር።

እኔ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በድምፅም በአኳኋንም አስመስላለሁ፤ ጋሼንም ሲያስነጥሱ። እትዬን ግን ከለቅሶው ወዲህ አልቻልኩም። የሚያዝ ነገር የላቸውም። ምሳ ይቅረብ ሲባሉ «ይቅረብ»፣ ይነሳ ሲባሉ «ይነሳ»።

ሥዕሉ ያንን ይዞታል። ነጠላው በወፍራም ብሩሽ ቶሎ ቶሎ ተለቅልቋል፤ ፊታቸው ላይ ሲደርስ ብሩሹ ቀስ ይላል። ቀለሙ ስስ ነው፤ ጉንጫቸው ጋ ሸራው ሊታይ ምንም አልቀረው። አፋቸው አንዲት ጭረት ናት። አላዘነችም፣ አልሳቀችም።

ሥዕሉን ያዘዘችው ልጃቸው ትህትና ዛሬ ከቡሬ መጥታ ልትወስደው ነው። እትዬ በስልክ «ደህና ነኝ፣ ስንስቅ ነው የምንውለው» ይሏታል። እንዲህ መሆናቸውን ካወቀች ቤቱን ቆልፋ ይዛቸው ትሄዳለች።

«ዓይኔን ይጨምሩልኝ። ትንሽም ፈገግ ያርጉኝ።»

«ይዙሩና ልጨምር።»

ዞሩ። ውጭ ሚኒባስ ክላክስ አደረገ፤ ተመለሱ።

«ዺሳ፣ ይተዉት በቃ» አሉ። «ትህትና እንደሆነች አይታ አታውቅብኝም። ‹አምሮብሻል› ብላ ጠቅልላ ትሄዳለች።»

«ታውቃለች» አልኩ።

«እንወራረድ ማሙሽ?»

«እንወራረድ። ከተሸነፍኩ እስከ መስቀል ማንንም አላስመስልም። ካሸነፍኩስ?»

«ካሸነፍክማ ቤቱን ትጠብቅልኛለህ።»

ያኔ ነው መወራረዴ የቆጨኝ።

ትህትና ገባች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሥዕሉን አየች፤ ከዚያ እናቷን፤ ከዚያ እንደገና ሥዕሉን። እትዬ ሁለት ዓይናቸውን በሩ ላይ ተክለው ፈገግ ብለዋል።

«አዮ» ብላ ትህትና እናቷን ጠራች። ሌላ ነገር የምትል መስሎኝ ነበር። ወደ ጋሼ ዞረች። «ቀለሙ ደርቋል?»

«ገና ነው።»

እትዬ በጎን አዩኝ። ማን እንዳሸነፈ እኔም አላወቅኩም፤ ትከሻዬን ሰበቅኩ።