እውነተኛ መሆኑ ያልተረጋገጠ

ከጎንደር የወጣሁበት ሌሊት ስንብት የለበትም፤ የወጣሁት እንደ ሌባ ነው። እናቴ ተኝታ ነበር። በሩ አጠገብ ምስማር ላይ የምትሰቅላት፣ ሌሊት ወደ ጓሮ ስትወጣ የምትይዛት የእጅ ባትሪ አለቻት፤ አንገቷ ስለተሰነጠቀ በቀይ ሽቦ የታሰረች። መንገዱ ጨለማ ነው ብዬ እሷን ከምስማሩ አወረድኩና ወጣሁ። እናቴ ነገ ማታ ምን ይዛ ትወጣለች የሚለው ትዝ ያለኝ ድንበሩ አጠገብ ያለችውን ሸኸዲን ካለፍኩ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ድንበር የሚያሻግረን ደላላ «አጥፋት፣ ታስይዘናለህ» እያለ ይቆጣኝ ነበር። ስለዚህ ባትሪዋ ለእሷም ለእኔም አላበራችም።

ሱዳን ምን ይመስላል ለምትሉኝ ልንገራችሁ። ጎንደር ሞቀ የሚባለው ጋቢ ሲያስጥል ነው፤ ፋሽጋ በሚሉት የእርሻ አገር ሰሊጥ ሳጭድ ግን ጥዋት የተውኩትን ማጭድ ከሰዓት በኋላ በጨርቅ ካልሆነ አልይዘውም ነበር። ኪስራ የሚሉት እንጀራ አላቸው፤ ስስ ነው፣ ዓይን የለውም፣ ቆርሼ ወጥ ስጠቀልልበት እጄ ላይ ያልቃል። ሰላምታቸው እንደኛው ረጅም ነው። ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብት ይጠይቁሃል። ልዩነቱ እኛ ጋ ሰላምታው ሲያልቅ ጉዳዩ ይጀመራል፤ እዚህ መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን ሰላምታው ሲያልቅ «ቡክራ» ይሉሃል። ነገ ና ማለት ነው። የትኛው ነገ እንደሆነ አይነግሩህም።

ከሁለት አዝመራ በኋላ ገዳሪፍ ከተማ ገባሁ። የአገሬ ሰው ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ሻጭ ሆንኩ፤ ሃጃ ሲትና ከምትባል መበለት ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድም አወጣሁ። ፈቃዱን የጻፈልኝ ሰው የተወለድክበት ዓመት ሲለኝ በኛ አቆጣጠር ነገርኩት፤ እሱም ሳይቀንስ ሳይጨምር ጻፈው። የአባቴን ስም ለመጻፍ ስለከበደው «ሰዒድ ሐበሺ» ብሎ ዘጋው። እኔም ወረቀት አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝና ዝም አልኩ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እናቴ ልጄ ሞቷል ብላ አመነች። በአምስተኛው ዓመቴ አንድ የሰፈራችን ሰው፣ ወደ ሊቢያ ሲሄድ በረሃ ላይ የጠፋ መኪና ውስጥ ሰዒድ ነበረበት ብሎ አወራ። እኔ ሊቢያን በካርታም አላውቃትም። ደውዬ «እማዬ፣ አለሁ» ብላት «እሺ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ አንቱም ደህና ይሁኑ» ብላ ዘጋችው። የወለደችኝ እናቴ አንቱ አለችኝ።

አትፍረዱባት። እኛ አገር መርዶ ይደበቃል። እናቴ ራሷ የጎረቤታችንን ልጅ ሞት ከእናቱ ሰባት ወር ደብቃ፣ በሌላ ሰው በልጁ ስም ደብዳቤ እያስጻፈች ስታስነብብላት የኖረች ሴት ናት። ሥራውን ከነዘዴው ታውቀዋለች። ስለዚህ እናቴ፣ ጅዳ ያለችው እህቴ ዘሀራ እኔ እንዳልሞትኩ ለማስመሰል አንድ ገዳሪፍ የሚኖር ጎርናና ሰውዬ ለምና በእኔ ስም ታስደውልባታለች ብላ ደመደመች። እኔም አላገዝኳት። አምስት ዓመት የዋጥኩት አቧራ ድምፄን ለውጦታል፤ በዚያ ላይ በየመሐሉ «ኸላስ»፣ «ጠይብ» የሚል ዐረብኛ ያመልጠኛል።

ዘሀራ ዘዴ ፈጠረች። በሚመጣ ሰው ኮምፒውተር ላከችልኝ። ከነካሜራው፣ ከነፕሮግራሙ ፈቃድ። ፈቃዱ የሚያብረቀርቅ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው፤ ላዩ ላይ ስሜ ከነአባቴ ስም ያለ አንድ ስህተት ተጽፏል። በሱዳን ምድር ሙሉ ስሜን የያዘ ሕጋዊ ወረቀት እሱ ብቻ ነበርና ከኢቃማዬ አስበልጬ በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ቀጠሮውም ተያዘ። ከአረፋ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ጎንደር ከድጃ የምትባል የሰፈራችን ልጅ የከፈተችው የኢንተርኔት ቤት፣ እናቴ ፊቴን ታያለች። ቀኑን ከድጃ በኛ አቆጣጠር ነገረችኝ። እኔም እንዳልሳሳት ብዬ የኮምፒውተሩን ቀን፣ ወርና ዓመት ወደ አገር ቤቱ መለስኩት። ደግሞም ማታ ማታ አገሬ ስንት እንደሆነ አያለሁ ብዬ ደስ አለኝ።

በነጋታው ሰኞ ስከፍተው ጥቁር ሆነ። መሐሉ ላይ አንድ ሳጥን ብቻ፦ ይህ ቅጂ እውነተኛ መሆኑ አልተረጋገጠም፤ ፈቃድዎን ያረጋግጡ። ቁጥሩን ከወረቀቱ ላይ አየሁ፣ ጻፍኩ። ፈቃዱ አይሠራም አለኝ። እንደገና ጻፍኩ። ሃጃ ሲትና በር ላይ ቆማ «እንግዳህ ታሟል ወይ?» አለችኝ። ኮምፒውተሩን፣ መብራት ስለሚበላ፣ እንግዳው ነበር የምትለው።

ማክሰኞ፣ የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ያለውን ሐቢብን ጠራሁት። አባቱ የአዘዞ ሰው ነው፤ እሱ ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ፣ ብሎን መፍቻ የያዘ ሁሉ ባሽሙሃንዲስ፣ ዋና መሐንዲስ፣ በሚባልበት አገር ባሽሙሃንዲስ የተባለ። ሳጥኑን አነበበና ወረቀቴን ከነማኅተሙ አገላብጦ አየው።

«ያ ሰዒድ፣ ችግሩ ይሄ ነው» አለኝ። «ፈቃድ አለው። የገዳሪፍ ኮምፒውተር ሁሉ ፕሮግራሙ የተሰረቀ ነው፣ ወላሂ ሁሉም ይሠራል። ያንተ ብቻ ሕጋዊ ነው፣ ያንተ ብቻ ቆመ። ይሄን ላጥፋውና የሱቁን ዲስክ ልጫንልህ፤ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።»

እምቢ አልኩት። እህቴ የሰው ቤት እየጠረገች የገዛችልኝን ወረቀት ጥዬ፣ እውነተኛ ልጅሽ ነኝ ለማለት በተሰረቀ ዲስክ እናቴ ፊት አልቀርብም። ሐቢብ ሳቀብኝና ሄደ። ሞኝ ነበርኩ፤ ግን ከልቤ ነበር።

ረቡዕ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስልክ ደወልኩ። ሰው የለም፣ የማሽን ድምፅ ነው። ኮምፒውተሩ ያወጣልኝን ሃምሳ ምናምን አኃዝ አንድ በአንድ ጫን አለኝ፤ ላቤ እየተንጠባጠበ ጫንኩ። ሲያልቅ ያሉበትን አገር ይምረጡ አለኝ። የአገሮቹን ስም ሲዘረዝር ሰምቼ የማላውቀው ደሴት ሁሉ ነበር። ሱዳን የለችም። ኢትዮጵያን መረጥኩ፤ የሚደውሉበት ስልክ ከመረጡት አገር ጋር አይመሳሰልም ብሎ ዘጋብኝ። ማሽኑ እንኳ ስደተኛ መሆኔን ደረሰበት።

ሐሙስ ደግሞ ኢቃማዬን የማድስበት ቀን ነበር። የውጭ ሰዎች መሥሪያ ቤት፣ ራኩባ በሚሉት ዳስ ሥር ግማሽ ቀን ተቀምጬ ተጠራሁ። ሙወዘፍ የሚሉት የቢሮው ሠራተኛ መዝገቤን ገልጦ ፊቴን አየ።

«አርባ አንድ ዓመት። አላገባህም?»

ሠላሳ አራት ነኝ አልኩት።

«ታዲያ ወረቀቱ ይዋሻል?»

«አይዋሽም። የኛ አቆጣጠር ነው። እኛ ጋ አሁን ከናንተ በሰባት ዓመት ወደ ኋላ ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ አገርህ ወደ ኋላ ከቀረ እኔ ምን ላድርግ? ወይ አርባ አንድ ሁን፣ ወይ ሠላሳ አራት ወደሆንክበት አገር ሄደህ ኢቃማ አውጣ።»

አርባ አንድ ልሁን ልል አፌን ስከፍት ነገሩ መጣልኝ። ይሄ ሰው እኔን ያደረገኝን እኔ ኮምፒውተሩን አድርጌዋለሁ። እኔን ሰባት ዓመት አስረጀኝ፤ እኔ ኮምፒውተሩን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ መለስኩት። ለሁለት ብንካፈል ኖሮ ሁለታችንም ትክክል ነበርን። ምስኪኑ ማሽን ባለበት ዓመት ፈቃዱ አልተሰጠም፣ ዘሀራም ጅዳ አልገባችም፣ እኔም ገና ከእናቴ ቤት አልወጣሁም። ምን ይበል ታዲያ? ኢቃማዬን «ቡክራ» ሲለኝ ሹክራን ብዬ አመስግኜ ርክሻ በሚሉት ባጃጅ ወደ ቤት በረርኩ።

ቀኑን ወደዚህ አገር ቀን መለስኩት። ከእናቴ ቤት ያልወጣሁበትን ዓመት ነበር የምሰርዘው። ሳጥኑ ጥቂት አሰበና ፈቃድዎ ተረጋግጧል፣ ቅጂው እውነተኛ ነው አለኝ። ሰባት ዓመት በአንድ ጊዜ ሲዘለል ማንም ለምን አላለውም።

ቅዳሜ ጥዋት ጀላቢያዬን ለብሼ ተቀመጥኩ፤ ሌላው ልብሴ ታጥቦ አልደረቀም ነበር። ምስሉ እየተቆራረጠ መጣ። ከድጃ ወንበር ሳበችላትና እናቴ ተቀመጠች። አርጅታለች። ሻሽዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ወደ መስታወቱ ተጠጋች፣ ግንባሯ ብቻ ታየኝ። «እማዬ» አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ጢሜን፣ ጀላቢያዬን፣ የጠቆረ ፊቴን። ከዚያ በትሕትና፣ እንግዳ ሰው እንደምታናግር ሆና፣ «ልጄ ነኝ ካሉ፣ ልጄ ከቤት የወጣ ሌሊት ምን ይዞብኝ ሄደ?» አለችኝ።

ተነስቼ ከግድግዳው ላይ አወረድኳት። አምፖሏን ሁለቴ ቀይሬያለሁ፣ ቀዩ ሽቦ ግን ያው ነው። ካሜራው ፊት ይዤ አበራኋት። እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። አለቀ፣ አመነችኝ ብዬ ነበር።

«ባትሪዋስ የኔ ናት» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ግን የሞተ ሰው ዕቃም ይወረሳል።»

ባትሪዋን አጠፋኋት። እሷም «ልጄ ከሆንህ ና» አለችኝ። አንተ አለችኝ። ገዳሪፍና ጎንደር የአንድ ቀን መንገድ ነው። ይህን የማላውቅ እንዳይመስላችሁ። አምስት ዓመት ያልሄድኩት ድንበር ከልክሎኝ አይደለም፤ ባዶ እጄን፣ የሰረቅኳትን ባትሪ ብቻ ይዤ ያንን በር ማንኳኳት አሳፍሮኝ ነው። ይህንን ልነግራት ፈለግሁ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ቡክራ፣ እማዬ» አልኳት። «ቡክራ።»

እናቴ ወደ ከድጃ ዞረች። «ምን አሉ ሰውየው?» አለቻት።