ከምርቃቱ በታች

ትናንት ከሰዓት በኋላ የቢሯችን አዲስ ሠራተኛ ትዕግሥት፣ በቴሌግራም ልትለጥፈው ያሰበችውን ማስታወቂያ እንዳየው ላከችልኝ። ስልኬን ራቅ፣ መነጽሬን ዝቅ አድርጌ አነበብኩት። «እንኳን ለቡሄ በዓል በሰላም አደረሳችሁ፤ በዓሉ የጤና፣ የፍቅርና የበረከት ይሁንላችሁ» እያለ ይሄድና ውሃ እንደሚቋረጥ የሚናገረው ከዚያ ሁሉ በታች ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። ይህችን ማስታወቂያ አውቃታለሁ፤ በወጣትነቴ እኔው ለጥፌያታለሁ።

ያኔ ፌስቡክ ለደብረ ታቦር ገና እንግዳ ነበር። እኔም ትምህርቴን እንደጨረስኩ፣ ስሙ ይቆየንና፣ በአንድ የከተማችን መሥሪያ ቤት በሕዝብ ግንኙነት ተቀጥሬ ነበር። በዚያ ዘመን ማስታወቂያ ማለት መኪና ላይ የተጫነ ድምፅ ማጉያ ነው። ክረምት ሲገባ መኪናው ጭቃ ውስጥ ይቀረቀርና ግማሹ ከተማ ሳይሰማ ይቀራል። የፌስቡክ ገጽ እንክፈት ብዬ ኃላፊያችንን አቶ ሞላን የጨቀጨቅኳቸው ለዚህ ነው። በመጨረሻ እሺ አሉ፤ አንድ ነገር ግን አጥብቀው አዘዙኝ። ሰው ቤት ስትገቢ ሰላም ሳትይ ጉዳይሽን አትናገሪም፣ እዚህም እንደዚያው ነው አሉኝ። የእናቴም ትምህርት ይኸው ስለነበር ትክክል መሰለኝ።

በዚያ ክረምት ጎርፍ ዋናውን ቧንቧ ጎድቶት፣ ለጥገና የግድ በቡሄ ዋዜማ መዘጋት ነበረበት። ማስታወቂያውን ቀደም ብዬ ከነምርቃቱ ለጠፍኩት። መልሱ ከጎረቤት ከተሞቹ፣ ከሐሙሲት ሳይቀር፣ ከገሳይ ሳይቀር ይጎርፍ ጀመር። «አሜን»፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን»፣ «አሜን አሜን»። ከተማችንና በዓሉ ስማቸው አንድ ነውና ለቡሄ ያለን ስስት ሌላ ነው። አቶ ሞላ ከጀርባዬ ቆመው ሲያነቡ ፊታቸው በራ። ሕዝቡ ተቀብሎናል አሉ፤ እኔም አመንኩ።

የዋዜማው ዕለት ረፋድ ላይ እትዬ ዘይነባ ቢሮዬ ገቡ። ገበያው ዳር ዳቦ ቤት የነበራቸው ሙስሊም ናቸው። በዓሉ የእሳቸው ባይሆንም፣ ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ለሚጨፍሩ ልጆች የሚሰጠውን ሙልሙል ዳቦ ሰፈሩ ሁሉ የሚያስጋግረው እሳቸው ዘንድ ነበር። እጃቸው እስከ ክርናቸው ዱቄት ነው። ዱቄቱ ተነፍቷል፣ እርሾው ደርሷል፣ ውሃ ግን ጠብ አላለም። ሲመሽ ልጆቹ ደጅ ቆመው ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነው፤ የእትዬ ዘይነባም ቃል ሊታጠፍ ነው።

«እትዬ፣ ተናግረን ነበር እኮ፤ አንቱም መልሰውልናል» አልኳቸውና በስማቸው የተጻፈውን «አሜን» አሳየኋቸው።

«ምርቃት ሆኖ ባየው ጊዜ አሜን አልሁ» አሉኝ። «ከምርቃት በታች መርዶ አለ ብሎ ማን ይጠረጥራል፣ ልጄ?»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አሜን ያለን ሰው ሁሉ እንደ እሳቸው ምርቃቱን ብቻ አንብቦ እንደዘጋው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አቶ ሞላን ሳላስፈቅድ፣ ያለ አንዳች ሰላምታ ጻፍኩ፦ «እትዬ ዘይነባ ዳቦ ቤት ውሃ የለም፤ የማታው ሙልሙል አልተቦካም። የጉድጓድ ውሃ ያለው ማን ነው?»

ብዙም አልቆየ። አንዷ ጓሮዬ ኑና ቅዱ አለች። አንድ ባጃጅ ነጂ ጀሪካን አመላልሳለሁ ብሎ ጻፈ። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን አለቃም በልጃቸው ስልክ ሰምተው ኖሮ፣ የቄስ ትምህርት ቤቱን ተማሪዎች ጀሪካን አሸክመው ሰደዱ። ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ዳቦ ቤቱ ጢሱን እያትጎለጎለ ነበር። አቶ ሞላ የጻፍኩትን አንብበው ሰላምታ የለውም እያሉ ሊቆጡኝ እዚያው ድረስ ሲመጡ፣ ጥቁር አዝሙድ ጥቁር አዝሙድ የሚል ትኩስ ሙልሙል አቀበልኳቸው። ተቀብለው በሉ።

ከዚያ ወዲህ አሜን ሲበዛልኝ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ደስ የሚለኝ ሰው ሲጠይቅ፣ ሲከራከር፣ እኛ ሰፈርስ መቼ ነው ሲል ነው። ያኔ መሥሪያ ቤቱና ሕዝቡ በእርግጥ እየተነጋገሩ ነው።

ለትዕግሥት ውሃውን ከላይ፣ ምርቃቱን ከታች አድርጊው ብዬ መለስኩላት። ነውር አይሆንም ወይ አለችኝ። ምርቃት ከታችም ቢሆን ይደርሳል አልኳት። ማምሻውን ተለጠፈ። የመጀመሪያውን መልስ የጻፈችው ዛሬ ዳቦ ቤቱን የያዘችው የእትዬ ዘይነባ ልጅ ናት። «ሰምተናል፤ ውሃ ዛሬውኑ እናጠራቅማለን» ትላለች። ከሥሩም፦ «አሜን»።