እኔና ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአንድ ሳምንት ሥልጣን ስንለቅ

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን መልቀቃቸውን የጁባው ሙኑኪ ሰፈር የሰማው በእኔ እጅ ነው። ይህን ማንም ሊክደው አይችልም። የካቲት ነበር፣ ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት። ጁባ እንደ ምጣድ ግላለች። ምሳ የምንበላበት የሐበሻ ምግብ ቤት ጄኔሬተር ጠዋት ፀጥ ብሎ ቀርቶ ባለቤቲቱ ደወለችልኝ። ካርቡሬተሩ በቆሻሻ ቤንዚን ተደፍኖ ነበር። ፈታሁት፣ በአፌ ነፋሁት፣ ገጠምኩት፣ አንድ ጊዜ ገመዱን ሳብኩ። ተነሣ። ቴሌቪዥኑ ሲበራ ዜናው ላይ ነበር።

ሞተር ያስተማረኝ ሰው የለም። በሃያ ዓመቴ አንድ የተጣለ የውሃ ፓምፕ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ ገጠምኩና በሦስተኛው ውሃ ሳበ። እንግሊዝኛም የለቀምኩት ከጄኔሬተር መመሪያ መጽሐፍ ነው። በእንግሊዝኛ «እንደምን አደርክ» ማለት ከመቻሌ በፊት «ዘይቱን ሳታይ አታስነሣ» ማለት እችል ነበር። ፖለቲካም እንደዚያው ነው። ፈታትቶ የሚያይ ሰው ይገባዋል።

የጠቅላይ ሚኒስትሩ መልቀቅ ተነገረ። መጀመሪያ የተናገረው ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ የቀረው የውሃ ቦቴ ሾፌር ነው።

«ለቀቁ ማለት? ዝም ብሎ ይለቀቃል እንዴ?»

«አሟቸው ይሆናላ» አለ ጎኑ ያለው።

«ምን አመማቸው፣ ድምፃቸው እኮ ደህና ነው!»

«እንግዲያው ማን ገፋቸው?»

«ዝም በሉ እንስማበት!» ብላ ባለቤቲቱ ጭልፋዋን ይዛ ከጓዳ ወጣች።

ዜናው ሲያበቃ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እንደዚህ ዓይነት ነገር ሲመጣ ወደ እኔ መዞር ልማድ ነው። እጄን ጠርጌ አስረዳኋቸው። አገር ቤት ለሦስት ዓመት ያህል ሕዝቡ ሲቃወም፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ልጆች ሲሞቱና ሲታሰሩ ቆይቷል። ገዢዎቹም እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። በእኔ ዕድሜ የአገራችን መሪ ከወንበሩ ሲነሣ ያየሁት አንዱ ወርዶ ሲታሰር፣ አንዱ ሲሸሽ፣ አንዱ ሲሞት ነው። ደብዳቤ አስገብቶ የወረደ ግን አላየሁም። «ትርጉሙ ይህ ነው» አልኳቸው። «ወንበሩ ከሰውየው ይበልጣል። ከእንግዲህ የሚወጣ ሰው መውረድ እንደሚቻል እያወቀ ነው የሚወጣው። ከተቀመጠው የተነሣው ይበልጣል!»

ይህችን የመጨረሻዋን ያኔውኑ ነው የፈጠርኳት። ወደድኳት።

የግቢው አከራይ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። የአገሩ ሰው፣ ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ በስደት ጋምቤላ አድጎ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል።

«አባባ፣ ማንም ሳይተኩስ ነው?»

«ማንም።»

«ውሸት!»

«ይኸው በቴሌቪዥን እያየህ!»

«እኛ ጋ እኮ የቦዳቦዳ ሞተር ፌርማታ ኃላፊ እንኳ በገዛ ፈቃዱ አይወርድም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን ሳቁን ቶሎ አቆመ። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት፣ በሐምሌው ተኩስ፣ ታናሽ ወንድሙን ቀብሯል።

በማግስቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ሾፌሩ «ጋሼ፣ ትንታኔዎ የት ደረሰ?» ብሎ አፌዘብኝ። «ጣራው ፈሰሰ ተብሎ ቤቱ በአንድ ቀን አይሠራም» አልኩት። እየሳቀ ወደ ቦቴው ሄደ። እስከ እሑድ ድረስ ሙኑኪ ሁለት ጊዜ፣ ጀበል አንድ ጊዜ፣ ጁባ ታውን ደግሞ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ቆሜ አስረዳሁ። በየደረስኩበት «ከተቀመጠው የተነሣው ይበልጣል» እላለሁ። አርብ ላይ ጭራሽ ሌላ ሰው ለእኔው መልሶ ነገረኝ።

እዚህ ላይ የእድራችንን ነገር መናገር አለብኝ። በጁባ ያለን ሐበሾች እድር አለን፤ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አንድ ላይ። ዋናው ሥራው ሰው ሲሞት አስከሬኑን አገር ቤት ማድረስ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሰብሳቢው እኔ ነበርኩ። ደንቡን የጻፍኩትም እኔ ነኝ፤ በየዓመቱ የካቲት ሰብሳቢ ይመረጥ ይላል። እኔን ማን ያወርደኛል? ምርጫው ወግ ነበር። የእኛን ወግ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ምሳ ሲቀርብላችሁ «በልቻለሁ» ትላላችሁ፣ ባለቤቱ «በሞቴ» ይላል፣ «በእውነት ጠግቤያለሁ» ትላላችሁ፣ ይጎትቷችኋል፣ ትቀመጣላችሁ። እኔም በየዓመቱ «ደክሞኛል፣ ሰው ፈልጉ» እላለሁ። «ኧረ ጋሼ፣ ማን አለን!» ይላሉ። ሁለቴ እምቢ ብዬ በሦስተኛው «እናንተንማ አላስቀይምም» እላለሁ። አንድ ዓመት እንኳ ተዛንፎ አያውቅም።

የዚያን ዓመት ግን ነገሩን ከፍ ላደርገው አሰብኩ። ጊዜው የደብዳቤ ነው። ቅዳሜ ቁጭ ብዬ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ነው፣ ማሕተም አለው፣ «ለማኅበራችን የወደፊት ዕድገት ስል» የሚል አለበት። ካነበብኩት ደብዳቤ ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ሲለምኑኝ እንባ እንደሚኖርም ገምቼ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባላቱ በዚያው ምግብ ቤት ግቢ ተሰበሰቡ። ተነሣሁና አነበብኩ። ስጨርስ ወረቀቱን አጣጠፍኩ። ቀጥሎ «ኧረ ጋሼ» እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ መነጽሬን አውልቄ ጠበቅሁ።

የመጣው ጭብጨባ ነው።

ሾፌሩ ቆሞ ያጨበጭባል። የኋላ ረድፍ ቆሞ ያጨበጭባል። አንዲት የጀበል እናት እልል አለች። የእድሩ ጸሐፊ፣ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠራ ጨዋ ጴንጤ ልጅ፣ «ወገኖቼ፣ ጋሼ ሰሞኑን በቃል ያስተማሩንን ዛሬ በተግባር አሳዩን! ከተቀመጠው የተነሣው ይበልጣል!» አለ።

«እስቲ ረጋ በሉ፣ አስቡበት» አልኩ።

«አስበንበታል ጋሼ! ክብር ለእርስዎ!»

«ማለቴ፣ አሁን ማን ይተካኛል?»

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት መልስ የለውም ብዬ ነበር። ሦስት ሰው በአንድ አፍ ባለቤቲቱን ጠራ። እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ አለቀ። ዘጠኝ ዓመት የመራሁት ማኅበር ሽሮው ሳይቀዘቅዝ ከእጄ ወጣ።

እሷ ግን አላጨበጨበችም ነበር። አጠገቤ መጥታ ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። የምርዎን ነው?»

ወጉን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። አንዲት ቃል ብናገር፣ «እንዴት ነው ነገሩ» ብል እንኳ፣ ወንበሬን እንደምትመልስልኝ ዓይኗ ይናገራል። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ቀና ስል ግን አከራዩ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ሁለት እጁን አጋጥሞ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ያየኛል። ለእሱ «ይቻላል» ብዬ የማልኩለት እኔ ነኝ። ታዲያ አሁን በእሱ ፊት ወንበር ልይዝ ነው?

«የምሬን ነው» አልኳት።

ያን ቀን ማታ ራቴን አልበላሁም። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ ደህና ወሰደኝ።

ማክሰኞ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ቤቴ መጣች።

«ሰው ቢሞት ከየት ነው የምጀምረው?» አለችኝ።

«ለምን ጽሑፍ ትፈልጊያለሽ? ደውይልኝ።»

«እርስዎ ቢሞቱስ፣ ለማን ልደውል?»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። ሥራውን በሙሉ በጭንቅላቴ ነበር የያዝኩት። የሆስፒታሉ ወረቀት ከየትኛው መስኮት እንደሚወጣ፣ የቱ ቢሮ ከየቱ እንደሚቀድም፣ የሳጥኑ እንጨት ከማን እንደሚገዛ፣ የአየር መንገዱ ጭነት ክፍል ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ የትኛው ሹም ስለ ልጆቹ ካልተጠየቀ እንደማይፈርም። አንድም ቀን አልጻፍኩትም። ከጻፍኩት ማን ይለምነኛል? ይህን ለራሴ ያመንኩት ያን ቀን ነው። ተናገርኩ፣ ጻፈች። ሰባት ገጽ ሆነ። አንድ ወረቀት ሳላይ፣ አንድ ቢሮ ሳላሳልፍ፤ በእኔ ዕድሜ ይህን የሚያደርግ ይምጣና ያሳየኝ።

በሚያዝያ ከእኛ አባላት አንዱ፣ የጋራዥ ሠራተኛ፣ በወባ ሞተ። ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። እስከ እኩለ ቀን አልጮኸም። ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ በሌላ ስልክ ደወልኩበት፤ ደህና ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ምግብ ቤቱ ብሄድ ቴሌቪዥኑ ላይ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቃለ መሐላ የፈጸሙበትን ቀን እንደገና ያሳያል። አከራዩ አጠገቤ ተቀምጦ «የድሮው የት ሄዱ?» አለኝ።

«ያውና፣ እያጨበጨቡ።»

«ከዚያስ የት ይሄዳሉ?»

«ቤታቸው።»

ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ።

አስከሬኑ የወጣው በሦስተኛው ቀን ነው። በእኔ ጊዜ ከአራት ቀን ወርዶ አያውቅም። ሰዎች እሷን ሲያመሰግኑ ሰባቱ ገጽ የማን እንደሆኑ ላስታውሳቸው ተገደድኩ። አየር ማረፊያ ጭነት ክፍል የሚሠራው ሹም ወረቀቱን ከእሷ ተቀብሎ ወደ እኔ አየ። እዚህ ሽማግሌን «ሙዜ» ነው የሚሉት።

«ሙዜ፣ ካላስ?» አለኝ፤ አበቃህ እንዴ ማለቱ ነው።

«ካላስ» አልኩት።

ሾፌሩ «ጋሼ፣ እርስዎ ይቅሩ፣ ወገብዎ» ቢለኝ አልሰማሁትም፤ ሄጄ የሳጥኑን አንድ ጫፍ ያዝኩ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ተሸክሜ አላውቅም ነበር፤ ሰብሳቢ የሚይዘው ወረቀት ነው። ከመኪናው እስከ ሚዛኑ ድረስ ሳላቋርጥ ወሰድኩት። በመሀል ደክሞት እጁን የቀየረው ሾፌሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።