ደብተሩን ዘግቼ ያጠናሁት

የአዋላጅነት የብቃት ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ወልዲያ ሄጄ ስፈተን ጥያቄዎቹን በደንብ አውቃቸው ነበር። የትኛው ገጽ ላይ እንዳሉ፣ በቢጫ ቀለም እንዳሰመርኩባቸው ሳይቀር ትዝ ይለኛል። መልሳቸው ግን ከየትም አልመጣ አለኝ። ወደምኖርባት መርሳ ከተማ በሚመለሰው ሚኒባስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። ውጤቱ ሲመጣ መውደቄን ቀድሜ ስለማውቅ አልደነገጥኩም።

ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። አብራኝ የምትኖረው እናቴ በዚያ ዓመት መርሳት ጀምራ ነበር። የነገርኳትን ሳይቆይ መልሳ ትጠይቀኛለች። የምሠራበት ጤና ጣቢያ ባልደረቦቼ የመርሳ ሰው ካልረሳ ማን ይርሳ እያሉ ሲቀልዱ አብሬ እስቃለሁ፤ በውስጤ ግን የእናቴ ሕመም እኔንም ጀመረኝ እል ነበር። ገና አርባ አልሞላኝም።

አንድ ቅዳሜ የእናቴን ታላቅ ወንድም ልጠይቅና የደም ግፊታቸውን ልለካላቸው ግራና ወደምትባለው ከተማ ሄድኩ። አጎቴ ስለ ፈተናው ሲጠይቁኝ፣ ጭንቅላቴ ምንም አልይዝ ብሏል ብዬ የሆዴን ነገርኳቸው። አላጽናኑኝም። ጠዋት ምን እንዳነበብኩ ብቻ ጠየቁኝ። ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ ደም መፍሰስ አልኩና ከዚያ ማለፍ አቃተኝ።

«ስታነቢ ስልክሽ የት ነበር?» አሉኝ።

«እጄ ላይ።»

«እንግዲያ አልረሳሽውም፣ ልጄ። መጀመሪያውንም አልያዝሽውም።»

ከዚያ በልጅነታቸው ቁርአን ሲቀሩ፣ ማለትም በቃል ሲማሩ፣ የነበረውን አጫወቱኝ። ትምህርታቸውን ሉህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። ሼኻቸው በቃ ያዛችሁት ሲሉ ሰሌዳውን ያጥቡና በቃላቸው ያነበንባሉ። ቀለሙ በውኃ ሲወርድ የያዙት ሁሉ አብሮ የሚጠፋ ይመስላቸው ነበር። ነገር ግን ያኔ ተጨንቀው ከውስጣቸው ያወጡት ቃል ይኸው እስከ ዛሬ አልተለያቸውም።

ቤቴ ገብቼ ስልኬን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። አንድ ገጽ አነበብኩ፤ ደብተሩን ዘጋሁና ያነበብኩትን ጮክ ብዬ ለመናገር ሞከርኩ። ከዚያ ሁሉ የመጣልኝ ሁለት ነገር ነው። አፈርኩ። መልሼ ከፍቼ የጎደለኝን አየሁ፤ እንደገና ዘጋሁ።

እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማኝ ኖሮ፣ ስለ ማን እንደማወራ ጠየቀችኝ። ወልዳ ደም ስለሚፈሳት ሴት ነው ብዬ፣ ማህፀኗ እንደሚታሽ፣ መርፌ እንደምትወጋ፣ ፊኛዋ ባዶ መሆን እንዳለበት በቀላል ቋንቋ አስረዳኋት።

«ሴትዮዋስ ዳነች?» አለች።

ዳነች አልኳት። ትንሽ ቆይታ ስለ ማን እንደማወራ እንደ አዲስ ጠየቀችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይከፋኝ ነበር። ያን ቀን ግን ደብተሩን ሳልከፍት ከመጀመሪያው ጀመርኩላት። በማግስቱ ከሥራ ስመለስም ጠየቀችኝ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በነገርኳት ቁጥር አንድ የረሳሁትን አገኛለሁ። የተምታታብኝ ቦታም ላይ ትይዘኛለች፤ ካልገባት እኔም በደንብ አልገባኝም ማለት ነው። ፈተናውን ዳግም እስክወስድ ድረስ ወራቱን ሁሉ፣ በየቀኑ አንድ አንድ ገጽ፣ እንዲህ አጠናን።

ሁለተኛው ፈተና ላይ ስለ ደም መፍሰሱ ሲጠየቅ በየትኛው ገጽ እንደነበረ እንኳ አላሰብኩም። ለእናቴ እንደማወራ ሆኜ ሠራሁት። ማለፌን የሰማሁት በሥራ ቦታዬ የአንዲት ወላድ ካርድ እየሞላሁ ሳለ ነው። አልሐምዱሊላህ ብዬ ካርዱን ሞልቼ ጨረስኩ፤ ከዚያ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጭንቅላቴ ደህና ነበር። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ያጣው ከስልክ ርቆ አንድ ነገር ላይ የሚያርፍበት ፋታ ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ቤቴ ሄድኩና በጠራራ ፀሐይ እንቅልፌን ለጠጥኩ።