ጋሽ ቁጭ በሉ እና የደኑ በር

እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አላቸው። ግን በመንደሩ ውስጥ ያንን ስም የሚያስታውስ ማንም የለም፤ ሁሉም ሰው "ጋሽ ቁጭ በሉ" ነው የሚላቸው። የማንም ቤት ሲገቡ አንድ እግራቸው ውስጥ፣ አንዱ ውጭ ነው። "ጋሼ፣ ቁጭ በሉ እንጂ!" ይባላሉ። "አይ፣ ልሄድ ነው" ይላሉ። ስንትና ስንት ዓመት ቁጭ በሉ ተብለው ቁጭ ያላሉ ሰው፣ ምን ታደርጉታላችሁ፣ ልመናው ስማቸው ሆኖ ቀረ።

በወጣትነታቸው እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ ይሠሩ ነበር። ኋላ ደኑ ጥብቅ ነው ተባለ፤ ቅርንጫፍ መስበር ክልክል፣ መሰንጠቂያውም ተዘጋ። እሳቸው በስብሰባው ላይ እሳት ጎርሰው ተነሱና "ዛፉን ቆመን እንድናየው ነው ወይ የምትፈልጉት?" ብለው ጮኹ። እውነትም የደኑ ቢሮ ሰዎች እሱን ነበር የፈለጉት። በዚያ ዓመት የመንደሩ ግማሽ ሰው እቃውን ጠቅልሎ ሄደ። የእሳቸውም አንድያ ልጅ ከተማ ገባች። ሚስታቸው በሁለተኛው ዓመት አረፉ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ፣ ወይ ጉድ፣ ደኑን ለማየት ሰው ይመጣ ጀመር! ከመንደሩ ጫፍ በር ቆመ፣ ዳገቱን የሚያወጣ የእግር መንገድ ተጠረገ። ዳቦ ጋጋሪዋ በቀን ሁለቴ መጋገር ጀመረች። ፀጉር አስተካካዩ ሁለተኛ ወንበር ገዛ። ጋሽ ቁጭ በሉ ከየጓሮው የተገረዘ የፍራፍሬ እንጨት እየለመኑ ምርኩዝ ይጠርቡና በሩ ላይ ቆመው ለእንግዳ ይሸጣሉ። ከሁሉም በላይ ግን ልጃቸው ተመለሰች። የድሮውን የመሰንጠቂያ መጋዘን አጽድታ አራት ክፍል ማረፊያ ከፈተችበት።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የእኚህ ሰው እግር የማያርፈው ጉዳይ ኖሮት አይደለም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤት ውስጥ ሲቀመጡ ፊት ለፊታቸው ያለው ባዶ ወንበር ነው የሚታያቸው። ልጃቸው ከመጣች በኋላ ምሳ በልተው እስኪጨርሱ ድረስ እንኳ መቀመጥ ለምደው ነበር። እሷ ግን አልደበቀቻቸውም፦ "አባዬ፣ ከተማ ያሉት አሁንም ነይ ይሉኛል። እንግዳ እስካለ እዚሁ ነኝ። እንግዳ ከቀረ ግን እዚህ ምን አደርጋለሁ?" ይቺ ነገር ሆዳቸው ውስጥ ገብታ ቀርታለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣ አገኙ። በእጇ ትንሽ የመቁጠሪያ መሣሪያ ይዛለች፤ ሰው ባለፈ ቁጥር በአውራ ጣቷ ቀጭ ታደርጋታለች።

"ምንድን ነች?" አሉ የበሩን ዘበኛ፣ በሹክሹክታ።

"ከደኑ ቢሮ ነው የመጣችው። አሥር ቀን ትቆጥራለች። ሌላ ሰው ደግሞ ከተራራው ማዶ ባለው በር እየቆጠረ ነው። ከሁለቱ በሮች አንዱን ሊዘጉ ነው አሉ።"

ጋሽ ቁጭ በሉ እየተጣደፉ ልጅቷ ጋ ሄዱ። "ልጄ፣ እንዳይዘጋ ስንት ሰው መግባት አለበት?"

ልጅቷ ፈገግ ብላ ቦርሳዋን ከአግዳሚው ላይ አነሳችላቸው። "ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉና ላስረዳዎት። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል።"

"የለም፣ የለም፣ ቸኩያለሁ!" አሉና ላጥ አሉ። የት እንደሚሄዱ ገና አላወቁም ነበር። ጥቂት እንደተራመዱ ግን ሐሳቡ መጣላቸው።

"ስሙ!" አሉ ፀጉር አስተካካዩ ቤት በር ላይ፣ አንድ እግራቸውን ውጭ ትተው። "ትንሽ ሰው ከተቆጠረ በራችንን ሊዘጉት ነው። እኛስ ሰው አይደለንም? እንግባ! እንውጣ! እንደገና እንግባ!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው ዛሬም ይስቃል። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ፀጉሩን ቆርጦ አስከትሎት ገባ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ እጇ ዱቄት እንደሆነ ዳገቱን ወጡ። እንዳይታወቅባቸው ኮፍያ ይቀያየራሉ። ጋሽ ቁጭ በሉማ መች ይጠገባሉ! ያን ሁሉ ዓመት "ምን ያዞርዎታል?" ሲባሉ የኖሩ ሰው፣ መዞር ሥራ ሆነላቸው። ቶሎ ተመልሶ እንደገና ለመቆጠር ደግሞ በመንገዱ መውረድ ይረዝማል ብለው ቁልቁለቱን በአቋራጭ ይወርዱት ጀመር። ሌላውም ተከተላቸው። በአራተኛው ቀን ዝናብ ጣለ፤ እነሱ ግን እየተንሸራተቱም፣ እየተያያዙም አላቆሙም።

ልጃቸው ጭቃቸውን አይታ ጠረጠረች። "አባዬ፣ መጀመሪያ ቆጣሪዋን ጠይቀሃታል?"

"ጠይቄያታለሁ!"

"ምን አለችህ?"

"ቁጭ በል አለችኝ።"

"እና?"

"እናማ ምን ጊዜ አለኝ!"

በዘጠነኛው ቀን ቆጣሪዋ ራሷ ጠራቻቸው። "ጋሼ፣ ዛሬ ሲገቡ ይኼ ስድስተኛዎ ነው። እባክዎ አንዴ ቁጭ ይበሉ፣ የምነግርዎት አለ።" ነቃችብኝ፣ ልትቆጣኝ ነው ብለው ኮፍያቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው እግሬ አውጪኝ አሉ።

ወር ሳይሞላ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። መንደሩ ተሰበሰበ፤ ዘበኛው ጮክ ብሎ አነበበው። በዚህ በር የሚገባው ሰው መንገዱ ከሚችለው በላይ ስለሆነ፣ ዳገቱም በእግር ብዛት ስለተናደ፣ መሬቱ እንዲያገግም በሩ ለሁለት ዓመት ይዘጋል፤ ጎብኚዎች ከተራራው ማዶ ባለው በር እንዲጠቀሙ ይላል። ልብስ ሰፊው "ስለበዛን ነው የዘጉት?" አለ።

ጋሽ ቁጭ በሉ በመጀመሪያው መኪና ቢሮው ሄዱ። ቆጣሪዋን ጠረጴዛዋ ጋ አገኟት። "ቁጥሩ ውሸት ነው! እኛው ነን ስንመላለስ የነበርነው! እኔ ነኝ ያመላለስኳቸው!"

"አውቃለሁ ጋሼ" አለች፣ ቀስ ብላ። "የመንደሩ ሰው ይመላለሳል ብዬ ጽፌ ነበር። ግን ከቢሮው ሰው ሊያጣራ ሲወጣ ዳገቱ በአቋራጩ በኩል ተንዷል፣ የዛፎቹ ሥር ወጥቷል። ቁጥሩን ማረም ይቻላል። ዳገቱን እንዴት ላርመው?" ቀጥላም እንዲህ አለች። "ከሁለቱ በሮች ብዙ ሰው የሚረግጠው ነበር እንዲያርፍ የተፈለገው። ማዶኛው ይሆናል ብለን ገምተን ነበር። ይኼንኑ ልነግርዎት ነበር የጠራሁዎት።"

ልጃቸው አልተቆጣቻቸውም። ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር። ሦስት ሳምንት ጠበቀች፤ አንድም ክፍል አልተያዘም። አንሶላዎቹን አጥባ አጣጠፈች፣ የማረፊያውን ቁልፍ እጃቸው ላይ አኖረች። "ሁለት ዓመት ቅርብ ነው፣ አባዬ" አለች። ሁለቱም ቅርብ እንዳልሆነ ያውቃሉ። የሚወስዳት አውቶቡስ እስኪነሳ ድረስ አባቷ በመስኮቱ ሥር ወዲህ ወዲያ ሲሉ ነበር፤ "ውሃ ይዘሻል? ሹራብሽስ?" እያሉ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ጥቂት ተከተሉት፣ ከዚያ ቆሙ።

ከዚያ ወደ ቤት አልሄዱም። ማረፊያውም ጋ አልሄዱም። ቀጥ ብለው ወደ ተዘጋው በር ሄደው ቆጣሪዋ ተቀምጣበት የነበረው አግዳሚ ላይ፣ ቦርሳዋን አንስታላቸው በነበረችው ቦታ ተቀመጡ።

መጀመሪያ ያያቸው ዘበኛው ነው። ደንግጦ ፀጉር አስተካካዩን ጠራው፤ እሱም መቀሱን እንደያዘ ሮጦ መጣ። ዳቦ ጋጋሪዋም ከምድጃዋ ወጣች። በዚያ መንደር ማንም እኚህን ሰው ከቤታቸው ውጭ ተቀምጠው አይቷቸው አያውቅም።

"ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?" አላቸው ፀጉር አስተካካዩ። "ተነሱ፣ ቤት እናድርስዎት።"

ቀና ብለውም አላዩትም። ቁልፉን በሁለት እጃቸው ይዘው ባዶውን መንገድ ያያሉ።

"ሁለት ጊዜ ነው እኮ ቁጭ በል ያለችኝ" አሉ።